ከሰዓት በኋላ የመጣ መርዶ

ፒያሳ ውስጥ ሞቶ በለተኪዳን እጅ ያላለፈ ሰው ጥቂት ነው። ይህን ስል ገናዥ ናት ማለቴ አይደለም፤ የፎቶ ሠራተኛ ናት። ሰው ሲሞት ቤተሰቡ የቀብሩን ጣጣ ለእድሩ ይተውና፣ አንድ ዘመድ የሟቹን ጉርድ ፎቶ በመሀረብ ጠቅልሎ ወደ እሷ ይሮጣል። እሷም ከመታወቂያ ላይ የተላጠውን፣ ማኅተም ግማሽ ፊቱን የበላውን ፎቶ ተቀብላ ማኅተሙን ከግንባሩ ታነሳለች፣ የተሰነጠቀውን ትደፍናለች፣ ቤተሰቡ ከፈለገ ከረባት ታስርለታለች። ከዚያ ታሳድገውና በፍሬም አድርጋ፣ ለቅሶው ላይ እንዲቆም ትሰጣለች። በሕይወቱ ከረባት አስሮ የማያውቅ ስንት አናጢና ወዛደር በእሷ እጅ ሚኒስትር መስሎ ተሸኝቷል። የአራዳ ልጆች ሲያገኟት «እትዬ ለተኪዳን፣ እኔ ገና ነኝ፣ በዚያ ዓይን አትይኝ» ይሏታል። ፈገግ ትላለች እንጂ አትመልስም። እውነቱን ለመናገር በዚያ ዓይን ነው የምታያቸው። ሰው ሲያወራት እሷ ቅንድቡን፣ ጆሮውን፣ የአገጩን ጫፍ ታያለች። ከሠላሳ ዓመት በላይ የኖረችበት ሥራ ስለሆነ አይለቃትም።

ፎቶ ቤቱ ድሮ መሐል ፒያሳ ነበር። ሰፈሩ ሲፈርስ ቸርችል ጎዳና ራስ ላይ ካለ አንድ አሮጌ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ወጣ። መኖሪያ ቤቷ ግን አልተነካም። ቀያሾቹ እስከ አጥሯ ድረስ መጥተው ቀይ ምልክታቸውን ቀቡና ተመለሱ። ያያት ሁሉ «አንቺስ እድለኛ ነሽ» አላት። እድለኛ ብሎ ነገር! አብሯት የኖረው ጎረቤት በሙሉ ዕቃውን ጭኖ ከከተማው ጫፍ ወዳለ ኮንዶሚኒየም ሄደ፤ እድሩ ድንኳኑንና ወንበሩን ተከፋፍሎ ተበተነ፤ እሷ ከነአጥሯ ቀረች። መጀመሪያ ሰሞን በየበዓሉ ይደውሉላት ነበር። ኋላ በየፋሲካው ብቻ ሆነ። ማታ ቤቷ ስትገባ የመጀመሪያ ሥራዋ ሬዲዮ መክፈት ነው። የሚወራው ምንም ይሁን፣ የሰው ድምፅ ይሁን እንጂ ግድ የላትም። ሰው ናፍቋታል፤ ይኸው ነው።

ኮሎኔል ፈቀደ ወደ ፎቶ ቤቷ የመጡት በጥቅምት ነው። ጡረታ ከወጡ ብዙ ጊዜያቸው ነው፤ ቢሆንም ደረጃውን ቀጥ ብለው ወጡና አንድ የጫማ ካርቶን ባንኮኒው ላይ አስቀመጡ። ካርቶኑ በጉርድ ፎቶ ተሞልቷል።

«አፍንጮ በር አንድ ቤት አግኝተናል» አሏት። «የሟች ጓደኛችን ቤት ነው፤ ልጆቹ ፈቀዱልን። የዘማቾች መታሰቢያ እናደርገዋለን። መሣሪያ ለመደርደር አይደለም፤ መሣሪያ ሞልቷል። ፊታቸውን መስቀል ነው የምንፈልገው። አሳድጊልን።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም። ደግሞ አደራሽን ከረባት እንዳታስሪባቸው፤ ወሬሽን ሰምቻለሁ።»

ወንበር ሰጠቻቸው። ሽማግሌው ጨዋታ የሚወዱ ሰው ናቸው፤ እሷም የሚያጫውታት ካጣች ቆይታለች። ይህ ሐሳብ ከየት እንደመጣላቸው ጠየቀቻቸው።

«ከካዛኮች» አሏት። «በወጣትነቴ ለትምህርት አልማ አታ ልከውኝ ነበር፤ ያኔ የሶቭየት አገር ነው። ሜዳው ማለቂያ የለውም፣ ብርዱ አጥንት ሰርስሮ ይገባል። የፈረስ ወተት ሁሉ አጠጥተውኛል።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ይህን ለንስሐ አባቴ እስከ ዛሬ አልነገርኩም፤ አንቺም እንዳትናገሪ። አንድ ቀን ወደ አንዲት ትንሽ ከተማ ወሰዱንና የጦረኞቻቸውን መታሰቢያ ቤት አሳዩን። የመጀመሪያው ክፍል የጥንቶቹ ነው። ጦሩ፣ ጎራዴው፣ የራስ ቁሩ፣ የብር ጌጥ ያለው ኮርቻ። ባቲር ይሏቸዋል፤ ጀግና እንደማለት ነው። እሱን ሳይ ደስ አለኝ፤ ፈረሰኛ አገር ተወልጄ ፈረስ አይቼ ዝም አልልም። ሁለተኛው ክፍል ውስጥ ግን ፊት ብቻ ነው ያለው። ከዚያች ከተማ ወጥተው በሂትለር ጦርነት የቀሩ ልጆች ፊት፣ ከወለል እስከ ጣሪያ። ስንት ነገር ያየሁ ሰው እዚያ ባርኔጣዬን አወለቅኩ።»

ለተኪዳን ሥራዋን እየሠራች ነበር የምትሰማቸው።

«ከፎቶዎቹ መሐል አንድ ባዶ ፍሬም አለ። ለምን ባዶ ሆነ ብለን ጠየቅን። እነሱ ዘንድ የዘማች ሞት የሚነገረው በወረቀት ነበር፤ ጥቁር ወረቀት ይሉታል። የዚያ ልጅ እናት ጥቁሩ ወረቀት አልደረሳትም። ጦርነቱ ካለቀ ሠላሳ ምናምን ዓመት ሆኖታል እኮ! ፎቶውን ስጪን ሲሏት ‹ልጄ መንገድ ላይ ነው፤ ከሞቱት ጋር አትስቀሉብኝ› አለቻቸው። እነሱም ቦታውን ያዙለትና ባዶውን ሰቀሉ። ያን ዕለት እሷም ነበረች። አርጅታለች፤ ወንበር ላይ ተቀምጣ ባዶውን ታያለች። እኔን ስታይ እጄን ያዘችና አንድ ነገር ጠየቀችኝ። አስተርጓሚው ‹ከሩቅ አገር የመጣህ ትመስላለህ፤ በመንገድህ ላይ ልጄን አላየኸውም ወይ ነው የምትልህ› አለኝ።»

የለተኪዳን እጅ ቆመ።

«ምን አሏት?»

«ምን እላታለሁ? አላየሁም አልኳት።» ኮሎኔሉ ተነሡ። «እኛም ቁርጡ ላልታወቀ ልጅ ባዶውን እንሰቅላለን። አንቺስ፣ የዘመተ ሰው የለሽም?»

«የለኝም» አለቻቸው።

ነበራት እንጂ። ኪሮስ የሚባል ታናሽ ወንድም ነበራት፤ ከእናቷ ልጆች ከእሷ ሌላ እሱ ብቻ ነው። የድንበሩ ጦርነት ጊዜ፣ ገና ሃያ ዓመቱን እንደያዘ፣ ማንንም ሳያማክር ተመዘገበ። የሚሄድበት ቀን ሲደርስ ፎቶ ቤት ጠርታ ራሷ አነሳችው። ቀጥ ብለህ ተቀመጥ ብትለው እምቢ አላት፤ አሥሬ እየሳቀ አበላሸባትና በመጨረሻ ሳቁን ሳይጨርስ አነሳችው። ከዚያ ወዲያ ከእሱ የሰማችው አንዳች ነገር የለም።

ጦርነቱ አለቀና መርዶ በየሰፈሩ መነገር ጀመረ። መርዶ የራሱ ደንብ አለው። ጎህ ሲቀድ፣ ሰውዬው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ሽማግሌዎችና ጎረቤቶች ተሰብስበው መጥተው በር ያንኳኳሉ። ሐዘንተኛዋ ራሷን እንዳትጎዳ የሚይዟት ሴቶች አብረው ይገባሉ። ከዚያ በዕድሜ የገፋው ሰው ይናገራል፤ ጩኸቱ ይቀልጣል፤ ሰፈሩ ይጎርፋል። ያን ሰሞን ለተኪዳንና እናቷ ጎህ ሲቀድ ሁለቱም ነቅተው የእግር ኮቴ ያዳምጡ ነበር። የሌላው በር ተንኳኳ፤ የእነሱን ግን ማንም አላንኳኳም። ሞቷል ያለ ሰው ከሌለ ደግሞ አይለቀስም፤ ፍትሐት አይደረግም፤ ተዝካር አይወጣም። እናቷ በየቅዳሴው የልጇን ስም ከሕያዋን ጋር እንጂ ከሙታን ጋር አስጠርታ አታውቅም። ለለተኪዳንም ትእዛዝ ሰጥታት ነበር። «ፎቶውን እንዳታሳድጊ» አለቻት። «ትልቅ ፎቶ የሞተ ሰው ነው። ኪሮስ ወደይ፣ ልጄ፣ ቁርጡ እስኪታወቅ እንዳለ ይቀመጥ።» ይህን ብላ፣ ቁርጡን ሳታውቅ ሞተች። የሰፈሩን ሙታን ሁሉ የምታሳድገው ሴት የወንድሟን ጉርድ ፎቶ በቦርሳዋ ይዛ ኖረች። እናቷ ከሞተች በኋላ ኪሮስን የሚጠብቀው ሰው እሷ ብቻ ነበረች። ብቻ ሆኖ መጠበቅ ክፉ ነው፤ ከማንም ጋር «እስቲ ዛሬ ምን ይሰማ ይሆን» አትባባልበትም።

የኮሎኔሉን ሥራ ወደደችው። ጠዋት ካርቶኑን ከፍታ አንዱን ልጅ ታወጣና እስከ ምሳ ከእሱ ጋር ትቆያለች። አንዳንዱን «አንተ ደግሞ ማንን ነው እንዲህ የምትቆጣው?» ትለዋለች። አንዳንድ ዘማች ጉርድ ፎቶ ስለሌለው ከጓደኞቹ ጋር ከተነሳው ላይ ፊቱ ተቆርጦ መውጣት ነበረበት። እንዲህ ያለውን ፎቶ ከአፍንጮ በር የሚያመጣላት ገብረአምላክ ነው። እሱ የመታሰቢያው ቤት ጠባቂ ነው፤ በዚያው የድንበር ጦርነት አንድ እግሩን አጥቶ በሰው ሠራሽ እግር ይሄዳል። ደረጃው ይከብደዋል፣ ግን ያንን ጮክ ብሎ መናገር አይወድም፤ ላይ ደርሶ ባንኮኒውን ተደግፎ «ይህ ሕንፃ ከፍ እያለ ነው መሰለኝ» ይላል።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ የራሱን ፎቶ ይዞ መጣ። ምሽግ አፍ ላይ የተነሡ ልጆች ናቸው፤ አንዳንዱ ተቀምጧል፣ አንዳንዱ ቆሟል። ከፊት ያለውን አንዱን ልጅ እንድታወጣለት ነበር የፈለገው። ፎቶውን ወደ ኮምፒዩተሩ አስገብታ አጎላችው። የተባለውን ልጅ ስትፈልግ ከኋላ በኩል፣ ግማሽ ፊቱን የሌላ ሰው ትከሻ የሸፈነው አንድ ልጅ አየች። አንድ ቅንድብና አንድ ጆሮ ብቻ ነው የሚታየው። ለእሷ በቂ ነበር።

ድምፅዋን እንደ ሥራ ድምፅ አድርጋ «ይኸ ከኋላ ያለው ማነው?» አለችው።

ገብረአምላክ ባንኮኒውን እንደተደገፈ አንገቱን ሰገግ አድርጎ አየ።

«እሱ? አራዳው ነበር የምንለው። የፒያሳ ልጅ ነው፤ ተረበኛ። ነፍሱን ይማረውና ስንቱን አስቆናል።»

«ስሙስ?»

«ኪሮስ።»

ከዚያ ቀና ብሎ ፊቷን አየ። ጣቷን ስክሪኑ ላይ፣ ያ ቅንድብ ላይ አሳርፋለች።

«ምነው እትዬ?»

«ወንድሜ ነው» አለችው።

ሰውዬው ባንኮኒውን ለቆ ግድግዳ እስኪነካ ወደ ኋላ ሄደ። ጥይት ያላንበረከከው ሰው እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አለ፤ የሰው ሠራሽ እግሩ ፊት ለፊቱ ተዘረጋ።

«ምን ጉድ ሠራሁ?» አለ። «መርዶ እንዲህ ይነገራል? ከሰዓት በኋላ? ዘመድ በሌለበት? ባንኮኒ ተደግፌ? እኔ እኮ በፒያሳ ባለፍኩ ቁጥር እሱን የሚመስል ሰው ስፈልግ ነው የኖርኩት። ቤቱን አላውቅ፣ የአባቱን ስም አላውቅ። ባገኘሁ ዕለት እንዲህ ላድርግ?»

ለተኪዳን ማልቀስ እንዳለባት ታውቃለች፤ ግን ለቅሶው የሚመጣበት መንገድ ጠፋት። የሚይዛት ሰው የለም፤ ታች መንገድ ላይ መኪና ይጮኻል።

«እትዬ፣ በእናትዎ» አላት። «አልሰማሁም ይበሉ። እኔም አልነገርኩዎትም። ነገ ጠዋት ከኮሎኔሉ ጋር ሆነን በደንቡ እንመጣለን። ልጁ ይህ አይገባውም፤ እንደ ተራ ወሬ አይደለም የሚነገርለት።»

ደንባችንን የማያውቅ ሰው ይህን ቢሰማ ሁለቱም አብደዋል ይላል። የተነገረ ነገር እንዴት አልተነገረም ይባላል? ለተኪዳን ግን ወዲያው ገባት። ያን ሁሉ ዘመን የጠበቀችው ወሬውን ብቻ አይደለም፤ አመጣጡንም ነው። ኪሮስ በር ተንኳኩቶለት፣ ሽማግሌ ተልኮለት፣ በወግ እንዲሞት ነው የፈለገችው።

«አልሰማሁም» አለችው። «ቤቴ ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ ነው። አካባቢው ፈርሷል፤ ብቻውን የቆመ ግቢ ታያላችሁ። አይጠፋችሁም።»

እሱ ከሄደ በኋላ በሩን ዘጋች። ለቅሶ ላይ የሚቆም ፎቶ ያስፈልጋል፤ የሚሠራው ደግሞ ከእሷ ሌላ የለም። ጉርዱን ከቦርሳዋ አውጥታ ማሽኑ ላይ አስተኛችውና የእናቷን ትእዛዝ ሻረች። ፊቱ እየጎላ መጣ። ለስንቱ ከረባት ያሰረች ሴት ለወንድሟ ምንም አልጨመረችም፣ ምንም አልቀነሰችም። ወጣት ነበር፤ የልጇ እኩያ በሆነ ነበር፣ ልጅ ብትወልድ ኖሮ። በፍሬም አድርጋ በነጠላዋ ጠቅልላ ወደ ቤቷ ይዛው ሄደች።

የዚያ ምሽት ነገሯ ግራ የገባው ነበር። አልሰማችምና ለማንም መደወል አትችልም። ድሮ ጎረቤቷ ለነበረችው ለአዳነች «ነይልኝ፣ ኪሮስ ሞቷል» ብትላት ሌሊቱን በመጣች፤ ግን እንዴት ብላ? ሐዘንተኛ የራሷን መርዶ ለሰው አትናገርም፤ የሚነግሩት ጎረቤቶች ናቸው። ጎረቤት ደግሞ የለም። ግቢውን ጠረገች። ከፈረሰው ቤት የተጣለ አንድ አግዳሚ ወንበር አንስታ አጠበችና ከግድግዳው ጥግ አስቀመጠችው። እራት አልሠራችም፤ ለቅሶ ቤት ምግብ የሚያመጣው ሌላ ሰው ነው። ሬዲዮውንም አልከፈተችም። እንቅልፍ ይወስደኛል አላለችም፣ ግን ወሰዳት።

ጎህ ሲቀድ የእግር ኮቴ ሰማች። የአንደኛው እግር እኩል አይረግጥም። ተንኳኳ።

«ማነው?» አለች። ማን እንደሆነ እያወቀች፣ እንደማያውቅ ሰው።

«እኛ ነን፤ ሰላም ነው፣ ክፈቺ» አሉ ኮሎኔል ፈቀደ።

ከፈተች። ኮሎኔሉ ጋቢ ደርበው ቆመዋል፤ ገብረአምላክ ከኋላቸው አንገቱን ደፍቷል። ከሁለቱ ጋር ነጠላ ያጣፉ ሁለት ሴቶች አሉ፤ በሕይወቷ አይታቸው አታውቅም። ሴት የሌለበት መርዶ እንዴት ይሆናል ብለው፣ ኮሎኔሉ ጊዮርጊስ ኪዳን አድርሰው ሲወጡ ያገኟቸውን ሁለት እናቶች «ለነፍስ ብላችሁ» ብለው ለምነው ነው ያመጧቸው። ሴቶቹ አንዲት ቃል ሳይናገሩ ገቡና ከግራና ከቀኝዋ ቆሙ። አንደኛዋ ክንዷን ያዘች፤ እጇ ሞቃት ነበር።

«እኅቴ» አሉ ኮሎኔሉ። በጥቅምት ያጫወቷት ሽማግሌ አይደሉም፤ ድምፃቸው ሌላ ነው። «የሰው ልጅ ሆኖ የማይሄድ የለም። ወንድምሽ ኪሮስ ለአገሩ ወጥቶ በክብር ወድቋል። እግዚአብሔር ያጽናሽ።»

እሷም ያን ጊዜ ሰማች። ትናንት የሰማችው ሌላ ነገር ነበር። «ኪሮስ ሓወይ!» ብላ በእናቷ ቋንቋ፣ ወንድሜ እያለች ጮኸች፤ የማታውቃቸው ሴቶች ደግፈው ያዟትና አብረው አለቀሱ፤ እነሱም የየራሳቸው ሟች ሳይኖራቸው አይቀርም። ደጋግማ ጮኸች። በመሐል ግን ዝም አለችና ጆሮዋን ወደ በሩ ጣለች። ድሮ እንዲህ ያለ ጩኸት ከተሰማ ሰፈሩ እንዳለ ባዶ እግሩን ይሮጥ ነበር፤ ቡና የጣደም እንደጣደ፣ ልጅ የታቀፈም እንደታቀፈ። አሁን ከአጥሩ ወዲያ ያለው ሜዳ ነው። የመጣ ሰው የለም። ኮሎኔሉም ነገሩ ገብቷቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ።

አልቅሳ አልቅሳ ድምፅዋ ሲዘጋ ፎቶውን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አቆመችው። ገብረአምላክ አየውና በጋቢው አፉን ያዘ። ሴቶቹ አግዳሚው ላይ አስቀመጧት፤ አንደኛዋ ውኃ ፍለጋ ወደ ጓዳ ገባች። ገብረአምላክ «እኔ ሦስቱንም ቀን እዚሁ ነኝ» አላት። ለተኪዳን ራሷን ነቀነቀች። ያን ሁሉ ዘመን ልትጠይቀው የምትፈልገው አንድ ነገር ነበራት፤ የሚጠየቅ ሰው አልነበረም እንጂ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለችው። «እውነቱን ንገረኝ፤ ለእኔ ብለህ አታሳምር። ሲሞት ብቻውን ነበር?»

«ኧረ አይደለም» አለ ገብረአምላክ። «ራሱ ጭኔ ላይ ነበር። ሌሎቹም ዙሪያውን ነበርን። እስኪጨርስ አልተለየነውም።»

ለተኪዳን ፎቶውን ብዙ ጊዜ አየችው።

«ተመስገን» አለች። «እሱስ እንኳ ሰው ነበረው።»